የነዳጁ አፍ ከመብራቱ በስተኋላ

በቤተ ሰብ ዐምድ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ ንጽሕና፥ ስለ ትዳርም ምክር መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ መኪና የነዳጅ መቅጃ አፍ መጻፍ ግን ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ሆኖም በእኛ አገር አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ያለችው ቤተ ሰብ መኪናይቱን ከቤቱ አባላት እንደ አንዱ ይቈጥራታል። እህል ታመጣለች፤ ውሃ ታመላልሳለች፤ የታመመውን ወደ ከሚሴ ታደርሳለች፤ ሙሽራ ታጅባለች፤ በገበያ ቀን ደግሞ የሳምንቱን ወጪ ትሸፍናለች። ልጆቹም በጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጠው ያድጋሉ። እንግዲህ ከልጆች ጀርባ የሚቀመጠው ቤንዚን በየት ይግባ፥ በየትስ ይተንፍስ የሚለው ጥያቄ የሚጠጡት ውሃ ከየት ይቀዳ ከሚለው ጥያቄ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሰንበቴን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ ወደ ደብረ ሲና ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትንና ጀውሃን ከተሻገረ በኋላ አጣዬ ሳይደርስ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት፤ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳም ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ገበያዋ በሰንበት፥ ማለት በእሑድ ቀን ይውላል። የባቲ ገበያ ደግሞ በማግሥቱ ሰኞ ነው። በሰንበቴ ገበያ የአፋር፥ የኦሮሞ፥ የአርጎባና የዐማራ ሰው በአንድ ሜዳ ይገናኛል፤ ግመል፥ ፍየል፥ ማሽላ፥ ቅቤ፥ ጨርቃ ጨርቅም ይሸጣል፤ ይለወጣል። ከዚህ ገበያ ወደየመንደሩ የሚመለሰው ሸክም ቀድሞ በግመልና በአህያ ብቻ ነበረ። ዛሬ ከእነርሱ ጋር ባጃጁና ፒክአፑ ተሰልፈዋል።

የእኛ መኪና ቶዮታ ሃይሉክስ የሚባለው ዓይነት፥ በቤንዚን የሚሠራ፥ ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር በጋራ የገዛነው ነው። ሞተሩ ገና ብርቱ ነው፤ የኋላው የጭነት ሣጥን ግን በዝገት አልቆ ነበርና በወፍራም ላሜራ አዲስ ሣጥን እንዲሠራለት ተስማማን። አሮጌው ሣጥን ሲነሣ በጎኑ ላይ የነበረው የነዳጅ መቅጃ አፍ ከነቱቦው ተንጠልጥሎ ቀረ። የነዳጁ ጋን፥ የጋራዥ ሰዎች ሰልባትዮ የሚሉት፥ በሻንሲው ላይ እንደ ታሰረ በቦታው አለ፤ አፉ ግን የሚያርፍበት ስፍራ አጣ። አዲሱ ሣጥን ጎኑ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ የት እንደምንበሳው ማሰብ ግድ ሆነብን።

ጎረቤቶቻችን ምክር አልነፈጉንም። አንዱ አፉን ከሣጥኑ ወለል ላይ ወደ ውስጥ አውጡት አለን፤ እንዲህ ያደረጉ መኪናዎችም በመንገዱ ላይ ይታያሉ። ነገር ግን ቤንዚን ሲቀዳ ጥቂት መፍሰሱ አይቀርም፤ የፈሰሰውም በጤፍ ጆንያ ላይ ወይም በላይ በተቀመጡ ሰዎች ልብስ ላይ ይሆናል። ሌላው ከሣጥኑ በታች እንዳለ ተዉት አለን፤ በዚያ ግን ጭቃና አቧራ ይገባል፤ የፊተኛው ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠርም አያስቀምጠውም። ሦስተኛው ጋኑን ራሱን አንሥታችሁ ከጋቢናው መቀመጫ ጀርባ አኑሩት፥ ሌባም አይደርስበትም አለ። ይህ ሦስተኛው ምክር በባለቤቴ ፊት ሁለተኛ አልተነገረም።

የባለቤቴ ወንድም ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። በአሜሪካ አሮጌ ፒክአፕ እያደሱ የሚያስጌጡ ሰዎች የነዳጁን አፍ ከጎን መብራት በስተኋላ እንደሚሸሽጉት በስልኩ አሳየን። መብራቱ በማጠፊያ ላይ ይታሰራል፤ ሲጎተት እንደ መስኮት ይከፈታል፤ ከበስተኋላው ክዳኑ ይገኛል። ሲዘጋ የሚታየው መብራት ብቻ ነው። «አያ፥ ሌባ ያላየውን አይሰርቅም» አለኝ።

እርሱን ያስጨነቀው ሌባው ነበር፤ ጌጡን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ለተለዩ የሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ቈይቷል፤ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮም ክፍያው በቴሌብርና እርሱን በመሰለ መንገድ በስልክ የሚፈጸም ሆኗል። በማደያ ደጅ ሲሰለፍ የዋለ ሰው ያገኘውን ቤንዚን እንደ ማር ይቈጥረዋል። ይህን የሚያውቅ ሌባ በሌሊት አንድ ቀጭን ቱቦና አንድ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ ቱቦውን በመቅጃው አፍ አስገብቶ በከንፈሩ ይስባል፤ ቤንዚኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከእኛ ግቢ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁለት ጊዜ ተወስዶብናል። (በነገራችን ላይ ቤንዚን በከንፈሩ የሚስብ ሰው፥ ሌባም ይሁን ባለንብረት፥ ጥቂቱ ወደ ሳንባው ቢገባ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ልጆች ይህን ዐይተው እንዳይለምዱት መንገር ይገባል።)

እኔ በበኩሌ ቁልፍ ያለው ክዳን ይበቃል ባይ ነበርሁ። በፍርድ ቤት መዝገብ መካከል የኖረ ሰው፥ መሸሸግ ሌባን የሚያዘገየው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያውቃል፤ ነገሩን ያየ አንድ ሰው ለሁለተኛው ይነግራልና። ቁልፍ ግን ቢታወቅም ቁልፍ ነው። ሆኖም ቁልፉም ቢሆን የሚያርፍበት ስፍራ ያስፈልገው ነበርና የወንድማችንን ሐሳብ ወዲያ ልጥለው አልቻልሁም። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ጥቂት መረመርሁ፤ ያገኘሁትም ከጠበቅሁት የበለጠ ትምህርት ያለበት ሆነ።

መኪና ከተሠራ ጀምሮ ሰዎች ቤንዚኑን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ሲያዛውሩት ኖረዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 በተሠራው የፎርድ ቲ ሞዴል ጋኑ በአብዛኛው ከፊት መቀመጫ ሥር ነበረ፤ ነዳጅ ለመቅዳት የተቀመጠው ሰው መነሣትና መቀመጫውም መገለጥ ነበረበት። ፓምፕ ስላልነበረውም ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጋኑ በጎደለ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት የገጠመው ሾፌር መኪናውን አዙሮ በኋልዮሽ ይወጣ ነበር። የጣርማ በርን ዳገት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጉዞ በልቡ ይሣለው። ፎርድ በ1925 የመጀመሪያውን በፋብሪካ የተሠራ ፒክአፑን ያወጣው በዚሁ ሞዴል ላይ ነበረ። ከእርሱ በኋላ በመጣው የኤ ሞዴል ደግሞ ጋኑ ከፊተኛው መስተዋት በታች፥ ከተቀማጮቹ ጉልበት ፊት ለፊት ሆነ።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፥ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፥ በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች ጋናቸው በጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ጀርባ ነበረ። ጎረቤታችን የሰጠን ሦስተኛው ምክር እንግዲህ የጎረቤታችን ብቻ አልነበረም፤ የትልልቅ ፋብሪካዎችም ሐሳብ ነበረ። አባትና እናት ከፊት፥ ልጅ በመካከል፥ ከሁሉም ጀርባ ቤንዚን። ይህ መልካም እንዳልሆነ ሲታወቅ ጋኑ ከጋቢናው ወጣ። ነገር ግን መውጣቱ ብቻውን ደኅንነት አልሆነም። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ከ1973 እስከ 1987 ባወጣቸው ትልልቅ ፒክአፖች ጋኖቹ ከሻንሲው ብረት ወደ ውጭ በጎን በኩል ተሰቀሉ፤ በዚህም ምክንያት ከጎን የተመታ መኪና ይቃጠላል የሚል ብርቱ ክስ ተነሣ። በ1994 የአሜሪካው የመጓጓዣ ሚኒስትር ፌዴሪኮ ፔኛ መኪናዎቹ ጉድለት አለባቸው የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ አስታወቁ። ኩባንያው ጉድለት የለም ብሎ ተከራከረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነገሩ መኪናዎቹ ሳይሰበሰቡ፥ ኩባንያው ለደኅንነት ሥራ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲሰጥ በስምምነት ተዘጋ። መዝገብ መዝጋትና ነገርን መጨረስ አንድ እንዳልሆኑ እኔ በሥራዬ አውቃለሁ።

አፉን ከመብራት ጀርባ መሸሸግም የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1941 የወጣው ካዲላክ መቅጃው ከኋላ በግራ በኩል ካለው መብራት ሥር ተሸሽጎ ነበር፤ መብራቱ ወደ ላይ ሲነሣ አፉ ይገኛል። የ1956ቱ ሼቭሮሌም እንዲሁ የግራውን የኋላ መብራት እንደ በር አድርጎ ሠርቶታል። እነዚህ የሠሩት ለውበት ነው፤ የመኪናው ጎን ያለ ክዳን ለስላሳ ሆኖ እንዲታይ ፈልገው ነው። እኛ የፈለግነው ሌባን ለማሳት ነው። ምክንያታችን ቢለያይም አሠራሩን አስቀድሞ ያሰቡበት ባለሙያዎች መኖራቸው ልቤን ጥቂት አሳረፈው።

የባለቤቴ ልብ ግን አላረፈም። ከኮምቦልቻ የመጣውን ሽማግሌ ባለሙያ ቡና አቅርባ እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦ «እስቲ ይንገሩኝ፤ መብራት እሳት አይደለም ወይ? እኔ ኩራዝ ስሞላ እንኳ አስቀድሜ አጥፍቼ፥ እስኪበርድ ጠብቄ ነው። እርስዎ ቤንዚኑን ከመብራቱ ጀርባ ሊያኖሩልኝ ነው?»

እኔም ልጅ ሳለሁ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የተማርሁት የዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ትዝ አለኝ። ልባሞቹ መብራታቸውን በአንድ እጅ፥ ዘይታቸውን በሌላ ማሰሮ ይዘው ነበር። ሽማግሌው ግን በጥያቄው አልተቈጣም።

«እታለም፥ መልካም ጠየቅሽ» አላት። «ኩራዝሽም ቢሆን ላምባው ከእሳቱ ሥር ነው የሚቀመጠው። የማይፈነዳው ክዳኑ ስለ ተዘጋና ላምባ በቀላሉ ስለማይተን ነው። በዚያው ኩራዝ ቤንዚን የጨመረበት ሰው ግን ቤቱን ያቃጥላል። የመኪና መብራት ነበልባል የለውም፤ በመስተዋት ውስጥ ተዘግቷል። እኔ የምፈራው የላላ ሽቦና የሚያፈስ ክዳን ነው። ሁለቱን ለያይቼ ካልሠራሁ ገንዘባችሁን አልቀበልም።»

ይህን ንግግር ብዙ ቤተ ሰብ ሊያውቀው ስለሚገባ ጥቂት ላስፋፋው። ቤንዚን ሲቃጠል የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከእርሱ የሚነሣው ተን ነው። ናፍጣ እሳት የሚቀበል ተን ለማውጣት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል፤ ላምባም ቢሆን በቤት ቅዝቃዜ በቂ ተን አያወጣም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ እሳት የሚቀበል ተን ያወጣል። በሰንበቴ ቆላ በእኩለ ቀን ምን ያህል እንደሚተን አንባቢ ይፍረድ። ይህ ተን ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በጉድጓድ፥ በሣጥን፥ በጋቢና ወለል ላይ ይተኛል። በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ከሆነ ጀምሮ እስከ 7.6 እጅ ድረስ አንዲት ብልጭታ ታቀጣጥለዋለች። ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም አይቀጣጠልም።

ከዚህ የተነሣ ለብዙ ሰው እንግዳ የሚመስል ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ባዶ የቤንዚን ጋን ከሙሉው የበለጠ የሚያስፈራ መሆኑ ነው። ሙሉው ጋን በውስጡ አየር የለውም፤ ባዶው ግን የተንና የአየር ድብልቅ ነው። አስቀድመን ያነጋገርነው አንድ በያጅ፥ ስሙን አላነሣም፥ «ቤንዚኑ አልቋል፤ እዚያው ላይ ሆኜ በግማሽ ሰዓት እበይደዋለሁ» ብሎን ነበር። ልጆቻችን በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ሥራውን አልሰጠነውም። በ2013 ዓ.ም የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል በዚህ አካባቢ የነበረ ሰው ስለ እሳት «በግማሽ ሰዓት» ሲባል አይወድም።

ሽማግሌው ባለሙያ ሥራውን የጀመረው የባትሪውን ሽቦ በመፍታት ነው። ቀጥሎ ቤንዚኑን በክዳን በሚዘጋ ዕቃ አወጣ፤ ጋኑን ከሻንሲው ፈትቶ ከቤት ርቆ በጥላ አስቀመጠው፤ አፎቹንም ደፈናቸው። መቍረጥና መበየድ የነበረበትን ሁሉ የሠራው በሣጥኑ ላሜራ ላይ ብቻ፥ ጋኑ በሌለበት ነው። ጋኑን ራሱን በእሳት አልነካውም። ጋን መበየድ ግድ በሆነ ጊዜ ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ከዚያም እስከሚበየደው ስፍራ ድረስ በውሃ መሙላት የአሮጌ ባለሙያዎች ልማድ መሆኑን ነገረን፤ እርሱ ግን «ይህንንም ቢሆን ጋኑን የሚያውቅ ይሥራው እንጂ እኔ አልሠራውም» አለ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ስላገኘን ደስ አለኝ።

ከመብራቱ በስተኋላ ያለውን ስፍራ እንደ ትንሽ ድስት አድርጎ በላሜራ ሠራው። ድስቱ ከአራቱም ወገን የተዘጋ ስለ ሆነ ከክዳኑ የሚወጣ ተን ወደ ሣጥኑ ወይም ወደ ጋቢናው መግቢያ የለውም። ከድስቱ ሥር አንዲት ቀዳዳ አበጅቶ ቀጭን ቱቦ ወደ መሬት አወረደላት፤ ሲቀዳ የፈሰሰ ቤንዚንና የዝናም ውሃ በእርስዋ ይወርዳል። ቱቦዋም ትኩስ ከሆነው ከጢስ ማውጫው በተቃራኒ ወገን ናት። በድስቱ መካከል የቀድሞው መቅጃ አፍ ከነቁልፉ ክዳን ተቀመጠ። ስለዚህ እኔ የፈለግሁት ቁልፍም፥ ወንድማችን የፈለገው መሸሸጊያም በአንድ ስፍራ ተገናኙ።

ከአፉ ወደ ጋኑ የሚወርደው ቱቦ ነገር ብዙ ጭንቀት አለበት። ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ቍልቍል መውረድ አለበት፤ በመካከል ጥቂት እንኳ ቢጎብጥ ቤንዚን በዚያ ይተኛል፤ ሲቀዳም ወደ ኋላ ይተፋል። ከዋናው ቱቦ ጎን አንድ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ሊኖር ይገባል፤ ቤንዚን ሲገባ በጋኑ ውስጥ የነበረው አየር በዚያ ይወጣልና። ይህ ቢታጠፍ የማደያው መቅጃ ጋኑ ሳይሞላ ሞላ ብሎ በየጊዜው ይቋረጣል። ጎማውም ለቤንዚን የተሠራ መሆን አለበት። በገበያችን የራዲያተር ጎማ ረክሶ ይገኛል፤ መልኩም ስፋቱም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ለውሃ የተሠራ ጎማ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይለሰልሳል፤ ቈይቶም ይሰነጠቃል። ወንድማችን ትክክለኛውን ጎማ ፍለጋ እስከ ደሴ ሄዷል፤ የመጓጓዣው ዋጋ ከጎማው ዋጋ መብለጡን ደጋግሞ ነግሮናል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። የመቅጃው አፍ ብረት ነው፤ ጋኑም ብረት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግን ጎማ ነው። ቤንዚን በቱቦ ውስጥ ሲሮጥ በመፋተግ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህ ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ በአፉ ላይ ቢከማች የማደያው መቅጃ ሲነካው ብልጭ ሊል ይችላል። ስለዚህ አፉ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት። በፋብሪካው ሣጥን ላይ ይህ ነገር አስቀድሞ ታስቦበታል፤ አፉን የሚያዛውር ሰው ግን ራሱ ካላሰበው የሚያስብለት የለም። የጋራዥ ሥራ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይህችን ሽቦ በተለይ ቢያስተምሩ መልካም ነው እላለሁ።

ስለ መብራቱ ደግሞ ባለቤቴ የጠየቀችው ሁሉ ተደረገላት። አሮጌው አምፖል ቀርቶ ሙቀቱ ጥቂት የሆነ፥ ውሃና ተን የማያስገባ የተደፈነ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ገባ። ሽቦው በጎማ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ከድስቱ ውጭ በማጠፊያው በኩል ያልፋል፤ መብራቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳይወጠርም ጥቂት ትርፍ ተትቶለታል። በድስቱ ውስጥ የሽቦ መገናኛ የሚባል ነገር የለም። የመብራቱ መከፈቻ በብስክሌት ፍሬን ገመድ ከጋቢናው ውስጥ የሚሳብ ነው። ይህን ያሰበው ወንድማችን ነው፤ ከሁላችንም ይልቅ የኮራበትም ይህ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት እኔ በሁለት ገጽ ውል ጻፍሁ። ሽማግሌው ፈገግ ቢልም ፈረመ። ውሉ ዋጋውን ብቻ የሚናገር አልነበረም፤ ምን ዓይነት ጎማ እንደሚገባ፥ ጋኑ በቦታው ሳለ ብየዳ እንዳይሠራ፥ ከሠራውም በኋላ በሙሉ ጋን ተፈትኖ እንዲያስረክብ ይላል። ብዙ ሰው ከጋራዥ ጋር የሚዋዋለው በቃል ነው፤ ጠብ ሲነሣም ለዳኛ የሚያቀርበው መሐላውን ብቻ ነው። መኪናውም በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ማለፍ አለበት፤ በ2002 ዓ.ም በወጣው በቁጥር 681 የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ መሠረት ማለት ነው። ስለዚህ የጎኑ መብራት ለሌባ ማታለያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ በእውነት የሚበራና መልኩም እንደ ደንቡ የሆነ እንዲሆን አጠበቅሁ። መርማሪው እስኪጠይቅ ሳንጠብቅም የተለወጠውን ገልጠን ለማሳየት ተስማምተናል። ከሌባ መሸሸግ ተገቢ ነው፤ ከመርማሪ መሸሸግ ግን ለቤተ ሰብ አይበጅም።

በተፈተነበት ቀን ጋኑን እስከ አፉ ሞልተን መኪናውን በተዳፋት ላይ አንድ ጊዜ በግራ፥ አንድ ጊዜ በቀኝ አዘንብለን አቆምነው። ሽማግሌው በየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፈ። በማግሥቱ ወረቀቱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ብቻ ረጥቦ ነበር፤ እርሱም በሌሊት ጤዛ መሆኑ በሽታው ታወቀ። ሽማግሌው ግን ያንኑ መገጣጠሚያ ዳግመኛ አጠበቀው።

ከዚህ ወዲህ በቤታችን አንድ ሥርዓት ተተክሏል፤ ሥርዓቱን የተከለችውም ባለቤቴ ናት። ቤንዚን ሲቀዳ ሞተሩም መብራቱም ይጠፋል፤ ልጆች ሁሉ ወርደው ከመኪናው ይርቃሉ፤ በስልክ የሚከፍለውም ሰው ራቅ ብሎ ይከፍላል። በጀሪካን የሚመጣ ቤንዚን ከነጭራሹ ወደ ቤት አይገባም፤ ጋቢናም አይገባም። ቀድሞ ከመቀመጫው ጀርባ ለመጠባበቂያ ትቀመጥ የነበረችው ጀሪካን ታጥባ ሳይሆን ተቀዳ ተጥላለች፤ ቤንዚን የነካው ጀሪካን ለውሃ እንዳያገለግል ነው። ከከሚሴ ስንመለስ ትንሹ ልጃችን ራሴን አመመኝ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሲል አልሰማነውም። ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ ለመማል ሐኪም አይደለሁም፤ የጋቢናው ሽታ መጥፋቱን ግን ሁላችንም መስክረናል።

ገና ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ከላይ መግቢያ ያጣ ሌባ ከታች ገብቶ ጋኑን ሊበሳው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከመሳብ የከፋ ነው፤ የሚወስደው ጥቂት፥ በግቢያችን መሬት ላይ የሚያፈሰው ብዙ ነውና። ወንድማችን ከጋኑ ሥር ወፍራም የብረት መከለያ ይደረግ ይላል። ሽማግሌው ደግሞ መከለያው ከጋኑ ጋር ሳይነካካ ከሻንሲው ላይ ይንጠልጠል፥ ጭቃና ውሃም እንዳያቁር ቀዳዳ ይኑረው ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ የግቢው አጥር ይጠገን ባይ ናት። እኔ የሁለቱንም ወጪ በወረቀት ላይ እያስላሁ ነኝ። ሽማግሌው ከረመዳን በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል።